ማጣሪያው እየሠራ ቤቱ ለምን አቧራ ይሆናል? የአየር ማጣሪያና የዩቪ መብራት ችግርና መፍትሄ ለድሬዳዋ ቤቶች

የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ከመንገዱ አቧራና ከባጃጁ ጭስ ጋር ተደባልቆ ቤት ይገባል። ውስጥ ደግሞ ከሰሉና ዕጣኑ አለ። የአየር ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ማሽን የሚገላገለው ይመስለዋል፤ ቅሬታውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ፊልተር የሚይዘው ብናኝን ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው የከሰል ካርቦን ንብርብር ሽታን ይይዛል፣ ዩቪ (ለዓይን የማይታይ ጨረር የሚያወጣው መብራት) ደግሞ ጀርምን ይገድላል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ከማንደጃ የሚወጣውን ገዳይ ጋዝ ደግሞ ሦስቱም አይነኩትም። ስለዚህ ማሽኑን ከመውቀስ በፊት ያስቸገረው ነገር የትኛው እንደሆነ ይለይ።

ማሽኑ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ጠረጴዛው ግን በማግስቱ አቧራ ለብሷል

መጀመሪያ ከሶኬት ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ። አዲስ ማሽን ብዙ ጊዜ ፊልተሩ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው የሚመጣው። ላስቲኩ ካልወጣለት ማሽኑ ይጮኻል፣ መብራቱም ይበራል፤ አየሩ ግን በፊልተሩ ውስጥ አያልፍም። ከሁለት ወር በኋላ ፊልተሩ እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ከተገኘ፣ ድሬዳዋ ላይ ይህ ጤነኛ ምልክት አይደለም።

ቀጥሎ የሚታየው አቅሙ ነው። ማሽኑ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር የሚል ቁጥር አለ፤ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹህ አየር እንደሚሰጥ ይናገራል። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ አባዝተው ውጤቱን በ5 ያባዙ። 4 በ4 ሜትር ሆኖ ጣሪያው 2.8 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 44.8 ሜትር ኩብ ነው፤ በ5 ሲባዛ 224 ይመጣል። ከዚራ ሰፈር እንዳሉት የባቡር ዘመን ቤቶች ጣሪያው 4 ሜትር ከሆነ ግን ያው ወለል 320 ይጠይቃል። ሻጭ “ለ30 ካሬ ይበቃል” ሲል ከፍታውን አላሰበውም። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ቁጥሩ በደቂቃ ኪዩቢክ ጫማ ስለሆነ በ1.7 ያባዙት። ሌላም ነገር አለ፦ የተጻፈው ቁጥር በከፍተኛው ፍጥነት የተለካ ነው። ማታ ድምፁ ስለሚረብሽ ዝቅ የሚያደርጉት ከሆነ ንጹህ አየሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመኝታ ቤት ከሒሳቡ ከፍ ያለውን መግዛት ይሻላል።

ሒሳቡ ልክ ሆኖም ጠረጴዛው አቧራ ከለበሰ፣ ያ አቧራ ማሽኑ ጋ ያልደረሰ ነው። ማጣሪያ የሚይዘው አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ነው። ሻካራው አሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል፤ እሱን በመግቢያው ላይ መከልከል ያስፈልጋል። የበሩን ስር በጎማ ይዝጉ። በኮርኒሱና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ይሙሉ፤ ከቆርቆሮው ስር የተከማቸው አቧራ በነፋስ ቀን የሚወርደው በዚያ ነው። የመስኮቱን የቢምቢ ወንፊት በየሳምንቱ ይጠቡ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ወፍራሙን ሰብስቦ ሳንባ የሚገባውን ደቃቁን መልሶ ያስነሳዋል። በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ መስኮት ዝጉ ማለት አይቻልም። የሚሠራው ዘዴ አንድ ክፍል መምረጥ ነው፤ ልጆች ወይም አስም ያለበት ሰው የሚተኛበትን። ነፋስ ሲነሳና ከመኝታ በፊት ያንን ክፍል ዘግተው ማሽኑን በከፍተኛው ፍጥነት ለ30 ደቂቃ ይልቀቁት፤ አቅሙ ከላይ እንደተሰላው ከሆነ አብዛኛው ተንሳፋፊ ብናኝ ይጠፋል። የጣሪያ ቬንትሌተር አብሮ ቢሠራ አየሩን እያገላበጠ ያግዘዋል፤ ወለሉ ከተወለወለ ብቻ ግን። ማሽኑን ከሶፋ ጀርባ አይደብቁት፤ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ድምፁ ጨመረ፣ የሚወጣው ነፋስ ደከመ

ፊልተሩ ታፍኗል። ፊት ለፊት ያለው የወንፊት ወይም የስፖንጅ ቅድመ ማጣሪያ እዚህ አገር በየሳምንቱ መጽዳት አለበት፤ መመሪያው ላይ ያለው “በወር አንዴ” ለሌላ ከተማ የተጻፈ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው ይጠቡት፣ ጥላ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከኋላው ያለው የታጠፈው ሄፓ (ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው ዋናው ፊልተር) ግን ውኃ አይንካው። ኤች 13 የሚባለው ደረጃ ለመያዝ በጣም አስቸጋሪ ከሆነው ብናኝ እንኳ ቢያንስ 99.95 በመቶውን የሚይዘው ክሮቹ ሳይዛነፉ ሲቆዩ ነው፤ ሲታጠብ ይጎዳሉ፣ ሲደርቅ ነጭ ቢመስልም እንደ ቀድሞው አያጣራም። በግድግዳ እየመቱ ማራገፍም ይቀደዋል። ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ተተኪ ፊልተሩ ከተማው ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ ከማሽኑ ጋር ሁለት ተጨማሪ ያስመጡ።

ብናኙ ቀነሰ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም

ሽታ ጋዝ ነው፤ በሄፓ ውስጥ ያልፋል። የሚይዘው የከሰል ካርቦን ንብርብር ሲሆን፣ ርካሽ ማሽኖች ውስጥ ያለው በስስ ጨርቅ ላይ የተረጨ ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው። ቡና በተፈላና ዕጣን ወይም ኡንሲ በታጨሰ ቁጥር ቶሎ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የያዘውን መልሶ መልቀቅ ይጀምራል። ማሽኑ ራሱ ዕጣን ዕጣን መሽተቱ የመሙላቱ ምልክት ነው። በፀሐይ ማስጣት አያድሰውም፣ ይቀየራል። ሲገዙ የካርቦኑን ክብደት ይጠይቁ፤ በመቶ ግራሞች የሚቆጠር ፍሬ ፍሬ ካርቦን ያለው ይሻላል። ማጨሻው የሚጨስ ከሆነ ደግሞ መስኮት ተከፍቶ ይጨስ፣ ጭሱ ሲወጣ ይዘጋና ማሽኑ ይብራ። የቢምቢ ማባረሪያ ጥቅል እያነደዱ ማጣሪያ ማብራት ግን ልፋት ብቻ ነው፤ ጥቅሉ ሌሊቱን ሙሉ ደቃቅ ብናኝ ይተፋል። አጎበር ይሰቀል።

ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ውጭ ሲወጡ ይሻላል

እዚህ ላይ ማሽን የሚባል ነገር አይታሰብ። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሄፓም፣ ካርቦንም፣ ዩቪም አይዙትም። የማጣሪያው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሰው ሊሞት ይችላል፣ ምክንያቱም የማሽኑ መለኪያ የሚቆጥረው ብናኝን ነው። “ከሰሉ ውጭ በደንብ ተያይዟል፣ ጭስ የለውም፣ አሁን ይግባ” የሚለው ልማድ ነው የሚያታልለው። ፍም የሆነ ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ሐረር ላይ ማታ ሲበርድ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው።

ምልክቱ ከታየ በርና መስኮቱን ከፍተው ሁሉንም ሰው ወዲያው ያውጡ፣ የሕመሙ ምልክት ያለበትን ወደ ሆስፒታል ያድርሱ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ 98 ቢያሳይ አያዘናጋዎ፤ ጋዙ የያዘውን ደም ከኦክስጅን ለይቶ አያውቅም። ለወደፊቱ ከሰል በረንዳ ላይ ይሁን። ለአየር ማጣሪያ የተመደበ ገንዘብ ካለ ደግሞ ከሱ ተቀንሶ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ይገዛ፣ ከመኝታው አጠገብ ይሁን፣ በየወሩ የሙከራ ቁልፉ ይጫን።

ዩቪ መብራቱ በርቷል፣ ለውጥ ግን የለም

ጀርም የሚገድለው ዩቪ ሲ ለዓይን አይታይም። የተለመደው የሜርኩሪ አምፖል የሚሠራው በ254 ናኖሜትር ነው፤ የምናየው ሰማያዊ ጭላንጭል አብሮት የሚወጣ ተራ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሰማያዊ መብራት ማየት ምንም አያረጋግጥም፤ ብዙ ርካሽ ማሽኖች ላይ ያለው ጌጥ ብቻ ነው። እውነተኛ ቢሆንም አየሩ በማሽኑ ውስጥ የሚያልፈው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ጀርሙ ለመሞት የሚበቃ ብርሃን ብዙ ጊዜ አያገኝም። አቧራና ጭስን ደግሞ ፈጽሞ አይነካም። ሁለት ማሽን አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡና አንዱ “ዩቪ አለው” ተብሎ ቢወደድ፣ ትርፉን ገንዘብ ለተተኪ ፊልተር ያውሉት።

አምፖሉ እውነተኛ ከሆነ ሦስት ነገር ያደክመዋል። አንደኛ ዕድሜው፦ ብዙዎቹ የሚሰጣቸው 9,000 ሰዓት ነው፣ ሳይጠፋ ከበራ አንድ ዓመት ያህል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ቢበራም ኃይሉ ደክሟል። ሁለተኛ አቧራ፣ ሦስተኛ የጣት ቅባት። ነቅለውት ሲቀዘቅዝ፣ በጓንት፣ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት።

ብየዳ ቤት እንደሚሸተው ዓይነት ሽታ ካለ ኦዞን ነው። 185 ናኖሜትር የሚያወጡ አምፖሎችና “አዮን” የሚል ቁልፍ ያላቸው ማሽኖች ያመነጩታል። ኦዞን ሳንባን ያቃጥላል፣ አስምን ያባብሳል። የአዮን ቁልፉን ያጥፉ፤ ሽታው ከቀጠለ አምፖሉን ይንቀሉ። በማግስቱ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ከቆረቆረ ወይም ቆዳ ከቀላ፣ ብርሃኑ ከማሽኑ እያመለጠ ነው፤ አይጠቀሙበት። ባዶውን የሚሰቀል የዩቪ አምፖል ሰው፣ ድመትም ሆነ ወፍ ባለበት ክፍል ሊበራ አይገባም። ከተሰበረ ውስጡ ሜርኩሪ አለ፦ መስኮት ከፍተው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይውጡ፣ ስብርባሪውን በካርቶንና በፕላስተር ይልቀሙ፤ መጥረጊያም ቫኪዩምም አይንካው።

ኤሲው ሲበራ የሻገተ ሽታ አለው

ዩቪ በእውነት የሚጠቅምበት ቦታ ይሄ ነው፤ ብርሃኑ ሌት ተቀን ያንኑ እርጥብ የማቀዝቀዣ ጥቅል ስለሚያበራ ሻጋታው እንዳያድግ ያደርጋል። ግን መጀመሪያ ጥቅሉና የውኃ መቀበያው በባለሙያ ይታጠቡ፣ የውኃ ቱቦው መደፈኑ ይታይ፤ የቆሸሸ ጥቅል ላይ ዩቪ ማብራት ቆሻሻውን አያጸዳም። አምፖሉ ፕላስቲክና የሽቦ ልባስ ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ ይሸፈን፣ ያደርቃቸዋል፣ ይሰነጥቃቸዋል። አምፖል ለማይገዛ ሰውም መፍትሄ አለ፦ ኤሲውን ከማጥፋትዎ በፊት ለ20 ደቂቃ በነፋስ ብቻ ያሠሩት፣ ውስጡ ደርቆ ያድራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ከውጭ አየር እንደማያስገባም ይታወስ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ አልተነሳም

በንክኪ የሚሠሩ ማሽኖች ብዙዎቹ ራሳቸው አይነሱም፤ በሚዞር ቁልፍ የሚሠራው ይነሳል። መብራት ሲሄድ ነቅለው፣ ሲመለስ 5 ደቂቃ ያህል ቆይተው መሰካት ከቮልቴጅ መዝለል ያድነዋል፤ ስታብላይዘር ካለ የተሻለ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 በሰከንድ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

መለኪያው ሁልጊዜ ቀይ ነው

ብናኝ የሚለካው የጨረር ዳሳሽ ዓይን አቧራ ይዟል። በጎን በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተው በደረቅ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉት። የውኃ ጭጋግ የሚረጭ ማሽን አጠገቡ ካለም ጠብታዎቹን እንደ ብናኝ ይቆጥራቸዋል፤ ያርቁት። በተቃራኒው ተጠርጎም ሁልጊዜ አረንጓዴ ከሆነ የተለኮሰና የጠፋ ክብሪት ጭስ ያስጠጉለት፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀለም ካልቀየረ ዳሳሹ ሞቷል። ማሽኑን ከአውቶማቲክ አውጥተው በእጅ መካከለኛው ፍጥነት ላይ ይተዉት፤ ማጣራቱን ይቀጥላል።