ቱርቦ መኪናችሁ ዳገት ላይ እየጋለ ካስቸገረ

ዓባይ በረሃን ስትወጡ መኪናችሁ ከጋለ፣ አዲስ ራዲያተር ለመግዛት አትሩጡ። ሞተሩ ሲበርድ ኮፈኑን ክፈቱ። ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያበርደው) ከፊት ከሆነ በእሱና በራዲያተሩ መካከል ባትሪ አብርታችሁ እዩ። የኔ ከውጭ ንጹህ ነበር፤ መሃሉ ግን አቧራ፣ ገለባና የሞተ አንበጣ ሞልቶታል። ውሃውን ከሞተር በኩል ወደ ፊት፣ ቀስ ባለ ግፊት እርጩት። የራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች በቀላሉ ይታጠፋሉ።

ፋኑን የሚከበው ፕላስቲክስ አለ? የኔን አንድ መካኒክ «ምን ያደርግልሃል» ብሎ ጥሎት ነበር። ያለሱ ፋኑ ከጎን ያገኘውን አየር ነው የሚስበው፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ይቀንሳል።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊት ይዞ መፍላቱን የሚያዘገየው ክዳኑ ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይሩት።