አንጀት ተቆርጦ ሲያጥር፦ ጥሙን በውኃ ብቻ አታባርሩት

አንጀት ተጠምዝዞ ደም ሲቋረጥበት ይሞታል፣ ሐኪሙም ቆርጦ ያወጣዋል። ነፍስ የሚተርፈው በዚህ ነው። ግን ከቀጭኑ አንጀት የቀረው ከ200 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የበላችሁትም የጠጣችሁትም በደንብ ሳይመጠጥ ይወጣል። ተቅማጡ አይቆምም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጉሮሮ ይደርቃል።

ከሆስፒታል ሳትወጡ ቀዶ ጥገናውን የሠራውን ሐኪም ጠይቁና በወረቀት አጽፉ። ስንት ሴንቲ ሜትር ቀረ? የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ አለ ወይስ ወጥቷል? ትልቁ አንጀትስ ከቀረው ጋር ተገናኝቷል? ሕክምናውም ምግቡም በዚህ መልስ ነው የሚለያየው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የጠማው ሰው ውኃ በላይ በላዩ ይጠጣል። አጭር አንጀት ላይ ግን፣ በተለይ ሰገራችሁ ሆዳችሁ ላይ በተለጠፈ ከረጢት የሚወጣ ከሆነ፣ ጨው የሌለው ውኃ የሰውነታችሁን ጨው ይዞ ስለሚወጣ በጠጣችሁ ቁጥር ይብስ ትደርቃላችሁ። ሻይና ቡናም ያው ናቸው። ለስላሳና ጁስ ደግሞ ስኳራቸው ስለሚበዛ ውኃ ወደ አንጀት ስበው ተቅማጡን ያባብሱታል። ጠያቂ ጁስ ይዞ እንዳይመጣ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ እንቁላል ቢያመጣ ይሻላል። ጠበል የምትጠጡ ከሆነም በጆግ አይሁን፣ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የሚያዋጣችሁ ኦአርኤስ፣ ማለትም በፓኬት የሚመጣው በውኃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት ነው። ስኳርና ጨው አብረው ሲገቡ አንጀቱ ይቀበላቸዋል፣ ውኃውም ይከተላቸዋል። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡና ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት በሉት። ተጨማሪ ጨው የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ያንን ሐኪም ይወስን። ከረጢት ላላቸው ሌላው መጠጥ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይገደባል። ሽንታችሁን ለኩ። በቀን ከ1 ሊትር ብዙ ካነሰ ፈሳሹ አልበቃችሁም ማለት ነው።

ምግብ በቀን አምስት ስድስቴ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይበላል። ትልቁ አንጀት ካላችሁ እንጀራ፣ ሩዝና ድንች ይጠቅሟችኋል፣ ምክንያቱም ያልተፈጨውን እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ጉልበት ይቀይሩታል። ቅባት ቀንሱ። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ኦቾሎኒ የኩላሊት ጠጠር ስለሚያመጡ እነሱንም ቀንሱ፤ ጎመን ይሻላል። ትልቁ አንጀት የሌለው ሰው ቅባት መፍራት የለበትም፣ ጨውም ጨመር ያድርግ። ጾም ላይ ለንስሐ አባታችሁ ሁኔታውን አስረዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ለዚህ ሕመም አይሆንም።

ሐኪም ተቅማጥ የሚቀንሰውን ሎፔራማይድ ካዘዘላችሁ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ዋጡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጨጓራ አሲድ ስለሚበዛ ኦሜፕራዞልም ይታዘዛል። የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ከወጣ የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፣ ስለተሻላችሁ ብቻ አታቋርጡት። ደማችሁ ውስጥ ያለውን ማግኒዚየም የተባለ ማዕድንም አስመርምሩ። ክኒን ሳይሟሟ ሰገራ ላይ ካያችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አንጀቱ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ቀስ በቀስ እየለመደ የመምጠጥ አቅሙ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ምግቡ በደም ሥር ይሰጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለተፈቀደው ቴዱግሉታይድ የተባለ፣ የቀረው አንጀት በደንብ እንዲመጥ የሚረዳ መርፌ ጠይቁ። በደም ሥር ምግብ ለመውሰድ ቱቦ የተተከለላችሁ ሰዎች ግን ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።