የቬፕ ቁልፍ እና ሰው ደጋግሞ የሚሠራቸው ስህተቶች

ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ የምጠግነው እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። ኡበር የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት የሚያድሩ። ብሶታቸው ከሁለት አያልፍም። አንዱ «ቁልፉ አልሠራ አለኝ» ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ «ሳልነካው ራሱ ይሠራል»። ተዉት አትተዉት የሚለውን ክርክር ለሐኪማችሁ ትቻለሁ። እኔ የማወራው ስለዚያች ትንሽ ቁልፍ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ባለው ቬፕ ላይ ቁልፉ ራሱ ለማሞቂያው የሚሄደውን ኃይል አያሳልፍም። ከፕላስቲኩ ሥር ስትጫኗት «ቀጭ» የምትል ስስ ብረት ያላት ማብሪያ አለች። እሷ የምትችለው ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ ፈሳሹን አግሎ የሚያተነው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ፣ ግን በርካታ አምፔር ይጠጣል። ስለዚህ ቁልፉን የግቢ ደወል በሉት። ደወሉን የሚሰማው ዘበኛ ቺፑ ነው። በሩ ደግሞ ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር ነው። ደወሉ ተጣብቆ ቢጮህ ዘበኛው ይነቃበታል፤ ብዙ ቦርዶች 10 ሰከንድ ገደማ ሲሞላ ይዘጋሉ። በሩ ራሱ ተቃጥሎ ክፍት ከቀረ ግን ዘበኛው ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። «የኔው ራሱን ይዘጋል፣ አያሰጋም» የምትሉ እዚህ ጋ ልብ በሉ።

ሳይቆልፉ ኪስ ውስጥ መክተት

ይህን ስናገር አፌ ደክሟል። ቁልፍ ያለው ቬፕ በአብዛኛው አምስቴ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት ይቆለፋል። አምስቴ ሲደግሙት ይከፈታል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ግን ማን ያደርገዋል? አንዱ ከመኪና ቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪሱ ውስጥ ይቀላቅለዋል። አንዷ ከሊፕስቲክና ከቻርጀር ሥር ቦርሳዋ ውስጥ ትቀብረዋለች። ከዚያ «ቬፑ ቀሽም ነው» ይባላል። ቀሽሙ ማን እንደሆነ አልናገርም።

አንድ ኡበር የሚነዳ ወንድማችን አለ። ጠባብ ጂንስ ይወዳል። ቬፑን ቀኝ ኪሱ ይከታል፤ እዚያው ላይ የመቀመጫ ቀበቶው ማሰሪያ ያርፋል። ማሰሪያው ቁልፉን ሲጫነው ኮይሉ ይግላል፣ ጊዜው ሲሞላ ይዘጋል፣ መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ እንደገና ይጫናል። ሲያመጣልኝ የኮይሉ ጥጥ ከስሏል። ፈሳሹን የሚይዘው የታንኩ ፕላስቲክ ከግርጌው ቀልጦ ተጣሟል። ጂንሱ ላይም ቡናማ ክብ ወጥቷል። ቁልፉን ፈተሽኩት፤ እንደ አዲስ ነው፣ ምንም አልሆነም። «አምስቴ ተጫነው፣ በቃ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። በወሩ ገደማ ሌላ ታንክ አቅልጦ መጣ። የተለወጠው ኪሱ ብቻ ነበር፤ አሁን የጃኬት ኪስ ሆኗል።

የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2009 እስከ 2016 በዜና የተዘገቡ 195 የኢ-ሲጋራ ቃጠሎና ፍንዳታዎችን ሰብስቧል። ከነዚህ 61ዱ የደረሱት መሣሪያው ወይም ትርፍ ባትሪው ኪስ ውስጥ እያለ ነው። ሁሉም የቁልፍ ጥፋት አይደለም። ልቅ ባትሪ ከሳንቲም ጋር ሲነካካም ሾርት ያደርጋል። ትርፍ ባትሪ በፕላስቲክ ማቀፊያው ይያዝ የምንለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ስክሪኑ ጠፋ ማለት ተቆለፈ ማለት አይደለም። ስክሪን ባትሪ ለመቆጠብ ራሱ ይጠፋል፤ ቁልፉ ግን ንቁ ነው። ይህን የማያውቀው ሰው ብዛቱ! ከቆለፋችሁ በኋላ አንዴ ተጫኑት። ኮይሉ «ሽሽሽ» ካላለ ተቆልፏል። አምስቴ ሳይሆን ሦስቴ የሚል፣ ወይም ተንሸራታች መዝጊያ ያለውም አለ፤ መመሪያውን እዩ። ተንሸራታች ያለውን ካገኛችሁ እሱን ግዙ። እኔ ለሱ አደላለሁ፤ መዘጋቱ በዓይን ይታያላ።

«ትንሽ ይለጠፋል እንጂ ይሠራል»

ይህን የሚል ሰው ከመጣ መጀመሪያ ባትሪውን አወጣለሁ፣ ሰላምታው ይደርሳል። ተጭኖ የሚቀር ቁልፍ ሲጫኑት እንቢ ከሚል ቁልፍ ይከፋል። እንቢ ያለው ቢያናድድ ነው። የተጣበቀው ያቃጥላል። ሆኖም ሰው በጥፍሩ እየፈለቀቀ ወራት ይጠቀምበታል። በጥርሱ ጎትቶ የሚያወጣም አይቻለሁ፣ ያውም እየጨሰ።

ቬፑ ሳትነኩት ማጨስ ከጀመረ ቁልፉን አትደብድቡት። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። የማይወጣ ከሆነ ታንኩን ፍቱት፤ ኮይል ከሌለ ኤሌክትሪኩ የሚዞርበት መንገድ ይቋረጣል። እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው ወይም ካበጠ ግን ልፍታው አትበሉ። ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት፣ ከቻላችሁም ውጭ ሲሚንቶ ላይ አድርጉትና ራቁ።

ጥፋቱ የደወሉ ነው ወይስ የበሩ? ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ መለየት ቀላል ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ቤቱን ክፈቱ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያወጣው ቦታ ላይ አድርጉና ጫፎቹን የማብሪያዋ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፉ። ሳትጫኑ ዝም፣ ስትጫኑ «ጢጥ» ካለ ማብሪያዋ ጤነኛ ናት። ሳትጫኑም ከጮኸ ጥፋቱ የማብሪያዋ ወይም የቆሻሻ ነው። ማብሪያዋ ጤነኛ ሆና ቬፑ ራሱ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ወደ ሞስፌቱ ያደላል። ሞስፌቱ የሄደበትን ቦርድ እኔ አልጠግንም። ድካሙ ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል፤ ሌሊትም እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ደብልዩ ዲ 40 መርጨት

እባካችሁ። የዘይት ሽፋን ይተዋል፤ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ከቬፕ ፈሳሽ ጋር ሲቦካ ማስቲካ ይሆናል። ሽቶ የሚረጩም አሉ፣ «አልኮል አለው» ብለው።

ቁልፉን የሚያጣብቀው አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ ነው። ውስጡ ያለው ግሊሰሪን እንደ ውኃ ተንኖ አይሄድም። ከታንኩ ሥር ይፈስና በቬፑ ጎን ወርዶ የቁልፉ ዙሪያ ባለው ክፍተት ይገባል። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ባትሪውን አውጡ። የጆሮ ጥጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ንከሩ፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። ዙሪያውን ጠርጉ፣ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ጥጡን ቀይራችሁ ድገሙ። ጥጡ ቡናማ መሆኑን ሲተው በቃ። ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ታንኩ ማንጠባጠቡን ካላስቆማችሁት ግን ቁልፉ ተመልሶ ይጣበቃል።

ቦርድ የሌለውን እንደ ሌላው መቁጠር

መካኒካል ሞድ የሚሉት አለ። የብረት ቱቦ ነው፤ ቺፕ የለው፣ ሞስፌት የለው፣ 10 ሰከንድ ብሎ የሚዘጋ ነገር የለው። እዚህ ላይ ቁልፉ ደወልም በርም ራሱ ነው። የባትሪው ኃይል በሙሉ በሱ ያልፋል።

ሒሳቡን እዩት። የሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። 0.2 ኦም ኮይል ካሰራችሁበት 21 አምፔር ይሄዳል። 18650 ከሚባሉት የቬፕ ባትሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚችሉት 20 አምፔር ወይም ከዚያ በታች ነው። የቁልፉ መገናኛ ቆሽሾ ወይም ተቦርቡሮ 10 ሚሊኦም ብቻ ቢጨምር፣ ከጣታችሁ ሥር ከ4 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ የቁልፉን ሞላ ያላላዋል። ሞላው ጉልበቱን ሲያጣ ይተኛል፤ ቁልፉም ተጭኖ ይቀራል። በሞላ ፈንታ ማግኔት ያለውም አይድንም፤ ተራው ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ አቅሙን ያጣል።

አንዱ የተኛውን ሞላ አውጥቶ የእስክሪብቶ ሞላ ገጥሞበት መጣ። በኩራት ነው ያሳየኝ። ቁልፉን ፈትቼ ከጠረጴዛው ስር ከተትኩት፣ ተጣላን። ልጁን እወደዋለሁ፤ ለዚህም ነው የተጣላነው።

ቁልፉ እየሞቀ ከመጣ ማስጠንቀቂያው እሱ ነው። መገናኛዎቹን በአልኮል አጽዱ። የጠቆረውን በእርሳስ ላጲስ እሹት። የተቦረቦረ ከሆነ ክፍሉን ለውጡ። የሚቆለፍ ቀለበት የሌለውን፣ ጋዝ ማስወጫ ቀዳዳ የሌለውን ቱቦ አትግዙ። ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከነጭራሹ አትግዙ።

ሁሉን በቁልፉ ማሳበብ

ስትጫኑት ስክሪኑ ከበራ ወይም መብራቱ ብልጭ ካለ ቁልፉ ሠርቷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈልጉ፦ የደከመ ባትሪ፣ የቆሸሸ መገናኛ፣ ታንኩ የሚገባበት ጉድጓድ መሃል ያለችው ፒን ወደ ታች መስመጥ። «ቁልፉን ቀይርልኝ» ተብዬ አምስቴ ተጭኜ የከፈትኩት ስንት አለ። ለሱ ገንዘብ አልቀበልም፣ ቡና ግን እጋበዛለሁ።

የማብሪያዋን ቁመት አለመለካት

ይህ ራሳቸው በያጅ ለሆኑት ነው። ማብሪያዎቹ ስፋታቸው ተመሳስሎ የእግራቸው አቀማመጥም ሊገጥም ይችላል፤ ከላይ የምትወጣው ጫፍ ቁመት ግን ይለያያል። ግማሽ ሚሊሜትር ከረዘመች፣ ቤቱን ገጥማችሁ ብሎኑን ስታጠብቁ የፕላስቲኩ ቁልፍ ጫፏን ተጭኗት ይቀራል። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ሲሞከር ይሠራል፣ ሲዘጋ ሳይነካ ራሱ ይሠራል። አሮጌዋን ከመጣላችሁ በፊት በካሊፐር ለኩ። ከተገጠመ በኋላ ባትሪ ሳታስገቡ ቤቱን በእጃችሁ ጨምቁት፤ ሳትጫኑት «ቀጭ» ካለ አልገጠመም ማለት ነው። ውስጡ የተበየደ ባትሪ ያለውን ደግሞ ካውያ ከማስጠጋታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ። አንዱን ሽቦ ስትቆርጡ ሌላውን አብራችሁ አትቁረጡ፤ መቁረጫው ራሱ ሾርት ያደርጋል።

ቁልፍ የሌለው አይበላሽም ብሎ ማመን

ሲስቡት የሚሠራው ትንሹ ቬፕ ማይክራፎን የመሰለ ሴንሰር አለው። ትንፋሽ ሲሳብ የአየር ግፊቱን ለውጥ አውቆ ኮይሉን ያበራል። የጭሱ ጠል ወደ ታች ወርዶ ሴንሰሩን ካረጠበው ወይ እንቢ ይላል፣ ወይ ሳይሳብ ይሠራል። ፖዱን (ፈሳሹ ያለበትን ተነቃይ ክፍል) አውጥታችሁ ጉድጓዱን በደረቅ ጥጥ ጥረጉ፣ ለስላሳ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ አሳድሩት። አትንፉበት፣ ምራቅ ትጨምሩበታላችሁ። ደርቆም ራሱ ከሠራ ባትሪ መሰብሰቢያ ወዳለበት ቦታ ይሂድ፤ የቤት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።

በሚጫን ሻንጣ መላክ

ከአሜሪካ ስትነሱ ቬፕ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ከ2015 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ምክንያቱም እስካሁን ያወራነው ነው፤ ልብስ መሃል ቁልፉ ቢጫን የሚያየው ሰው የለም። በእጅ ሻንጣ ወይም በኪስ ተቆልፎ፣ ከተቻለ ታንኩ ተፈትቶ ይያዛል። አውሮፕላን ውስጥ ቻርጅ ማድረግም አይቻልም።

አገር ቤት ላለ ዘመድ ልውሰድለት የምትሉ ደግሞ ተዉት። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። ለታናሽ ወንድማችሁ ፓወር ባንክ ግዙለት፤ እሱም የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው።