ፒኤችፒና ፓይተን አንድ ሳይት ላይ ሲጋጩ፦ ችግርና መፍትሄ

አንድን ሳይት በሁለት ቋንቋ ማስኬድ ነውር የለውም። የድሮው ክፍል በፒኤችፒ ተጽፏል፤ አዲሱን የሚሠራው ሰው የሚችለው ፓይተን ነው፤ ሁሉን ከዜሮ የሚጽፍ ጊዜ ያለው የለም። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ በሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

ምልክት፦ በገጹ ፋንታ የፒኤችፒው ኮድ ራሱ ይታያል፣ ወይም ፋይሉ ዳውንሎድ ይሆናል።

ዌብ ሰርቨሩ ፋይሉን ለፒኤችፒ አላቀበለውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ አንስቶ ሰጠው። ኤንጅንኤክስ ከሆነ የፒኤችፒ ፋይሎች ኮዱን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ወደ ፒኤችፒ ኤፍፒኤም፣ እንዲሄዱ የሚያዘው መስመር መኖሩን እዩ። ኮዱ ውስጥ የዳታቤዝ ፓስወርድ ከነበረ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ማን እንዳየው አይታወቅም።

ሌላም መንስኤ አለ። የፒኤችፒ ታግ ጃንጎ (የፓይተን የዌብ ማዕቀፍ) ቴምፕሌት ውስጥ የሚከት ሰው አይጠፋም። ጃንጎ ለታጉ ደንታ የለውም፤ እንዳለ ወደ ብሮውዘሩ ይልከዋል። አንዱ ክፍል የሌላውን መረጃ ከፈለገ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ በሚጠያየቁበት መንገድ) ይጠይቅ።

ምልክት፦ ግማሹ ሳይት ይሠራል፣ ሌላው 502 (ከኋላ ካለው ፕሮግራም ትክክለኛ መልስ አልመጣም የሚል ስህተት) ይላል።

ከኤንጅንኤክስ ኋላ ያለው ፕሮሰስ ሞቷል ወይም ሌላ ፖርት ላይ ነው። የፓይተኑን ክፍል የሚያስኬደው ጂዩኒኮርን ሌላ ካልተነገረው 8000 ላይ ይቀመጣል፤ ኤፍፒኤም ደግሞ 9000 ላይ ወይም በሶኬት ፋይል ይጠብቃል። ከመገመት የኤረር ሎጉን ክፈቱ። ግንኙነቱ እምቢ ተባለ ካለ ፕሮሰሱን አስነሱ፣ ፖርቱንም አመሳክሩ። ፈቃድ የለም ካለ የሶኬቱ ፋይል ባለቤት ማን እንደሆነ እዩ።

ምልክት፦ ተጠቃሚው ገብቶ ሳለ ወደ አዲሱ ክፍል ሲሻገር እንደገና ግባ ይባላል።

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ፒኤችፒ ካልተቀየረ በቀር ሴሽኑን (ማን እንደገባ የሚያስታውስበትን መረጃ) ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ጃንጎ ዳታቤዝ ውስጥ። የኩኪያቸውም ስም ይለያያል። ስለዚህ አንዱ ያወቀውን ሰው ሌላው አያውቀውም።

ፓይተኑ የፒኤችፒን የሴሽን ፋይል እንዲያነብ ማድረግ ያጓጓል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ፋይሉ የሚጻፈው በፒኤችፒ የራሱ አጻጻፍ ነው፤ በዚያኛው ወገን ትንሽ ነገር ሲነካ በዚህኛው ይፈርሳል። አትልፉ።

የሚሻለው መግቢያውን ለአንዱ ብቻ መስጠት ነው። ፒኤችፒው ሰውየውን አረጋግጦ የተፈረመ ቶክን (የማንነት ማረጋገጫ) በኩኪ ይሰጠዋል፤ ፓይተኑ ፊርማውን አይቶ ያምናል። ቶክኑ ዕድሜው አጭር ይሁን፣ ለምሳሌ 15 ደቂቃ፤ አለዚያ ውጣ የተባለ ሰው በሌላው በር ውስጥ እንደሆነ ይቆያል። ይህም ሆኖ ካልሠራ የኩኪውን ፓዝ እዩ። ለአንድ ፎልደር ብቻ ከተሰጠ ብሮውዘሩ ወደ ሌላው አይልከውም፤ ፓዙ ባዶ ስላሽ ይሁን። ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ሰብዶሜይን ከሆኑ ደግሞ ዶሜይኑም መስተካከል አለበት።

ምልክት፦ ትክክለኛ ፓስወርድ በአዲሱ ክፍል ልክ አይደለም ይባላል።

የፒኤችፒ ቢክሪፕት ሀሽ (ፓስወርዱ ተለውጦ የሚቀመጥበት ጽሑፍ) መነሻው ላይ 2 እና ዋይ የሚል ምልክት አለው። አንዳንድ ላይብረሪ የሚያውቀው 2 ኤ ወይም 2 ቢ የሚለውን ብቻ ነው። ስሌቱ አንድ ስለሆነ ሲያመሳክሩ ዋይዋን በቢ መተካት ይበቃል። ሁሉን ሰው ፓስወርድ ቀይር ማለት አያስፈልግም።

ምልክት፦ ቀኑ ጥር 1970 ሆኖ ይመጣል።

ይሄ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሲጨመር ነው። ፒኤችፒ ጊዜን በሰከንድ ይቆጥራል፣ ጃቫስክሪፕት በሚሊሰከንድ። በ1000 ማባዛት ያድናል፤ ሲላላኩ ግን ቀኑን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ) በጽሑፍ መልክ መጻፍ ይሻላል። የመለያ ቁጥር መጨረሻ አሃዞች ከተቀየሩም ተጠያቂው ጃቫስክሪፕት ነው፤ ከ9007199254740991 በላይ ያለን ተራ ቁጥር በትክክል መያዙን አያረጋግጥም። እንዲህ ያለውን ቁጥር በጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ላኩት።