ከሕግ ጋር ከተጋጩ ልጆች ጋር ልትሠሩ የምትማሩ፣ እነዚህን ስህተቶች ከወዲሁ አርሙ

ሕግም ሆነ ሶሻል ወርክ እያጠናችሁ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ልጆች ጋር፣ ከጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከአያት ወዲያ ካሉት ሰፈሮች፣ ለመሥራት የምትዘጋጁ ሁሉ ይህን አንብቡት።

«18 ያልሞላው ሁሉ እንደ ልጅ ይዳኛል» ማለት። በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሕፃን የሚባለው 18 ዓመት ያልሞላው ነው፤ ተማሪው እሱን ይዞ ይቀራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ዕድሜን በሦስት ይከፍላል። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ ድንጋጌዎች ይታያል (አንቀጽ 53)። 15 አልፎ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞትም አይፈረድበትም (አንቀጽ 56)። የ16 ዓመት ልጅ እናት «ልጅ ነው፣ ነገ ይመጣል» ተብላ ከተጽናናች በኋላ የሚደርስባት ሐዘን የሚመጣው ይህን መስመር ካለማወቅ ነው።

ዕድሜን በግርድፉ መጻፍ። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። «14 ዓመት ገደማ» የሚል ሪፖርት ለልጁ ምንም አይጠቅመውም። ጥር 12 ቀን 2002 የተወለደ ልጅ ጥር 9 ቀን 2017 ስልክ ሲሰርቅ ቢያዝ፣ 15 ሊሞላው 3 ቀን ቀርቶታል። ጉዳዩ በመጋቢት ሲቀርብ ግን 15 አልፎታል። የሚቆጠረው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነውና የልደቱንም የድርጊቱንም ቀን በግልጽ ጻፉ።

ቀጥሎ የቀን አቆጣጠሩን አጣሩ። የክትባት ካርዱ ላይ «12/5/2002» ተጽፎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ከሌለው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያነበበው ሰው ያንኑ ልጅ የ22 ዓመት ጎልማሳ ያደርገዋል። ከፊቱ የቆመው ልጅ 22 እንደማይሆን ሲያይ ደግሞ ካርዱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በዓይን መገመት ወይም የአጥንት ምርመራ ነው። የአጥንት ምርመራ የልደት ቀን አይነግርም፤ የዓመታት ልዩነት ሊኖረው የሚችል ግምት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀታቸው ዘግይቶ የወጣ ነው፤ ጨርሶ የሌላቸውም አሉ። ስለዚህ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የ1ኛ ክፍል የትምህርት ቤት መዝገብ ፈልጉ። ነገሩ ሳይፈጠር የተጻፈ ወረቀት፣ ልጁ ከተያዘ በኋላ ከወጣ ወረቀት የበለጠ ይታመናል።

ለ13 ዓመት ልጅ «48 ሰዓት» መጥቀስ። ያ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ገደብ የአዋቂው ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 ወጣቱ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል፤ ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለፖሊስ የሚያዘውም ፍርድ ቤቱ ነው። ጉዳዩ ከተቀጠረ ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ ይሰጣል፤ እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። ይህን አንቀጽ ሳይከፍቱ የቤጂንግ ደንቦችን (የተባበሩት መንግሥታት ስለ ወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ ያወጣቸውን) በቃላቸው የሚያነበንቡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ደንቦቹን እወቁ፤ ጣቢያ ስትገቡ የምትጠቅሱት ግን 172ን ነው።

ወሰኑን አለመጠየቅ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ እዚያ የተፈጸመው ለኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ የችሎቱ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ለገጣፎ የሚኖር ልጅ መገናኛ ላይ ቢያጠፋ ግን ጉዳዩ የአዲስ አበባ ነው። የቤት ጉብኝቱ አንድ ቦታ፣ ችሎቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አፋን ኦሮሞ ብትማሩ ብዙ ትጠቀማላችሁ።

ጸባይ ማረሚያ ተቋምን ብቻ ማወቅ። ሕጉ ለ9–15 ዓመት ልጆች አምስት ዓይነት እርምጃ አለው፦ ለሕክምና መላክ፣ በቁጥጥር ሥር ማስተማር፣ ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ማቆየት፣ ጸባይ ማረሚያ። ሪፖርታችሁ ማን እንደሚቆጣጠረውና የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበለው ካልተናገረ፣ ዳኛው ልጁን ወደ ቤቱ የሚመልስበት መሠረት አያገኝም።

የቤት ጉብኝትን በሥራ ሰዓት ማድረግ። የዳርቻው ወላጅ ጎሕ ሳይቀድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ የሚገባውም ከመሸ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለጥበቃው «የእገሌን ልጅ ጉዳይ» አትበሉ፤ ማታውኑ ብሎኩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ጥፋቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን ጋር እንደሚተኛ፣ ቁርሱን የት እንደሚበላ፣ ትምህርት ካቆመ በየትኛው ወር እንዳቆመ ጠይቁ። «ሌባ»፣ «ዱርዬ» የሚል ቃል በሪፖርታችሁ አይግባ፤ ጎረቤት ቢለውም።

የማይፈጸም ተስፋ መስጠት። ልጁ «መቼ ነው የምወጣው?» ብሎ ሲጠይቅ «በቅርቡ» አትበሉት። የምታውቁት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ነው። እሱን በወረቀት ጻፉና ስጡት፤ ለእናቱም ደውላችሁ ያንኑ ቀን ንገሯት።