ዝቅ ያለች መኪና ሆዷ ሲጋጥ፦ ችግርና መፍትሄ ለጅማ መንገድ

መኪና ዝቅ ስትል ታምራለች። በዚህ አንከራከርም። በጎማና በፓራፋንጎ መሃል ያለው ክፍተት ሲጠብ፣ ያቺው የለመድናት ቪትዝ ሌላ መልክ ታወጣለች። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይደርሳሉ፣ ከመርካቶ አስቤዛ ይጫናል፣ ቅዳሜ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ አጋሮ ይወጣል። ያኔ ከሥር "ክርርር" የሚል ድምፅ ይጀምራል።

አብዛኛው ሰው ከፍታ የሚለካው መኪናዋ ባዶዋን ደጅ ላይ ቆማ ነው። ይህ ቁጥር ለፎቶ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የሚጠቅመው፣ ሰው ተጭኖባት ሞላዋ ሲጨመቅ ከሆዷ እስከ መሬት የሚቀረው ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ የቤት መኪኖች ባዶ ሲሆኑ 15 ሳንቲ ገደማ ከፍታ አላቸው። 3 ሳንቲ ስትቀንሱ 12 ይቀራል። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ሻንጣ ሲጨመር 4 ወይም 5 ሳንቲ ሊወርድ ይችላል። በተረፈችው 7 ወይም 8 ሳንቲ ነው እንግዲህ የሰመጠውን ኮብል ስቶን፣ ሰፈርተኛው በሲሚንቶ የሠራውን ጉብታና የክረምቱን ጭቃ የምትጋፈጡት። ስለዚህ ለጅማ ከ3 ሳንቲ በላይ ዝቅ ማድረግ አልመክርም። ክረምት ከበጋ አስፋልት ያልገባበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ 2 ይበቃችኋል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ። አራቱንም ጎማ። ዕድሜ የጠገበች መኪና ሞላዋ ራሱ ተኝቶ፣ ሳታውቁት 1 ወይም 2 ሳንቲ ወርዳ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሁልጊዜ ተሳፋሪዎቻችሁን አስቀምጣችሁ እንደገና ለኩ። ልዩነቱን ጻፉት። መካኒኩ ጋ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትቀርቡት ይህን ቁጥር ነው።

"ይነካል፤ ግን ምኑ እንደሚነካ አላውቅም"

ሁሉም ሰው "ሆዷ ነካ" ይላል። ሆድ ሰፊ ነው። ኖራ በውሃ በጥብጡና ዝቅ ያሉትን ቦታዎች በብሩሽ ቀቡ፦ ኮፓውን (የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበትን)፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቱቦ፣ ቱቦዎቹ በብሎን የሚገናኙበትን፣ ከበሩ ሥር ያለውን ጠርዝ፣ የፊት ፓራውልቱን ታችኛ ከንፈር። ደርቆ ሲያበቃ በተለመደው መንገዳችሁ፣ በተለመደው ጭነት ንዱ። ዝናብ በሌለበት ቀን ይሁን፤ አለበለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ስትመለሱ በስልክ መብራት ከሥር እዩ። ኖራው ተገፎ ብረቱ እንደ አዲስ ቢላ ካበራ ጭረቱ የዛሬ ነው። ዝጎ ቡናማ ከሆነ የቆየ ነው፤ ምናልባትም ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ሥራ። ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ የሄደ ጭረት ጉብታ ሲታለፍ የመጣ ነው። ሰያፍ ከሆነ ስትታጠፉ፣ ወይ አንድ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲገባ የተፈጠረ ነው። የብሎን ጭንቅላት ብቻ ተልጦ ከተገኘ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ እሱ ቀላሉ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ። የፊት አሞርዛተሩን (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን) የአቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርጋችሁ፣ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፤ ከአሞርዛተሩ አንገት ጋር አስጠግታችሁ። ሞላው በተጨመቀ ቁጥር ማሰሪያው ወደ ላይ ይገፋል፤ በደረሰበትም ይቀራል። ከላይ ካለው ማቆሚያ ጎማ (ሞላው ተጨምቆ ሲያበቃ ምቱን ከሚቀበለው ላስቲክ) ጋር ተጣብቆ ካገኛችሁት ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ አልቆበታል።

"ጉብታ ስሻገር መሃሏ ይጋጣል"

ጥርጣሬው መጀመሪያ ማርሚታው ላይ ይሁን። ዝቅ ከመደረጓ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ማርሚታውን የሚያንጠለጥሉት ጎማዎች ሲያረጁ ይለጠጣሉ፤ ቱቦው ከነበረበት 2 ሳንቲ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ሞላውን ይረግማል፣ ጥፋተኛው ግን የማንጠልጠያ ጎማ ነው። ቀይሩት። ቀጥሎ ቱቦዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ እዩ። ብሎኖቹ ወደ ታች ከተንጠለጠሉ በያጁ አዙሮ ወደ ጎን እንዲያደርጋቸው ጠይቁ። ማርሚታው ድሮ ተቀይሮ ድብልብል የአገር ውስጥ ሥራ ገብቶበት ከሆነ ጠፍጣፋውን አስገቡ።

አነዳዱም ለውጥ አለው። ጉብታውን ፊት ለፊት ከመውጣት ሰያፍ ግቡ። ጎማዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ከአራቱ አንዱ ጉብታው አናት ላይ ወይም አጠገቡ ይሆናል፤ ሆዷንም ያነሳላታል። ኋላችሁ ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። ይንፋ። ደግሞም ጉብታው ላይ ፍሬን አትያዙ። ቀድማችሁ ቀንሱና እግራችሁን ለቃችሁ ተሻገሩ፤ ፍሬን ሲያዝ ፊቷ ይደፋል።

አይሱዙ የተመላለሰበት የአፈር መንገድ ላይ ደግሞ ሁለት ቦይ ተቆፍሮ መሃሉ ጀርባ ያወጣል። ቦዩን ተከትላችሁ አትግቡ። አንዱን ጎማ ጀርባው ላይ፣ ሌላውን ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። ጭቃ ከሆነ ይንሸራተታል፤ እንግዲያውስ በሌላ መንገድ ዙሩ።

"ግቢ ስገባ ፊቷ ይላጣል"

ዝናብ ስለሚበዛ ቦዮቻችን ጥልቅ ናቸው። የግቢ መግቢያው ድልድይ ደግሞ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። እዚህ ላይ ሞላ ከመንካት ድልድዩን መንካት ይረክሳል። ለ10 ሳንቲ ከፍታ 80 ሳንቲ ያህል ተዳፋት አሠሩለት። ግንበኛ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ውሃው የሚያልፍበትን ግን እንዳይዘጋባችሁ፤ አለበለዚያ ከጎረቤት ጋር ሌላ ጣጣ ነው።

"ፍሬን ስይዝ፣ ጉድጓድ ስገባ ከፊት 'ድው' ይላል"

ይህ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተቆረጠ ሞላ ነው። መኪና ዝቅ ለማድረግ ሞላ ማስቆረጥ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም እዚያው ይጀምራል። ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ስድስት የሚሠራ ጥቅል ያለው ሞላ አንዱ ሲቆረጥበት 20 በመቶ ይጠነክራል። ይህ ብቻውን ክፉ አይደለም። ክፉው አሞርዛተሩ ያው የድሮው ረጅም መሆኑ ነው። ገና ቆማ ሳለ ዘንጉ ገብቶ ተቀምጧል፤ የቀረው ጉዞ አጭር ነው። የጊቤን ቁልቁለት ስትወርዱ ፍሬን ሲያዝ ፊቷ ተደፍቶ ማቆሚያው ላይ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ጉድጓድ በቀጥታ ሻንሲውን ይመታል። ይህ ሲደጋገም አሞርዛተሩ ዘይት ያለቅሳል።

ሌላም አለ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል አጭሩ ሞላ መቀመጫው ውስጥ ይላላል። ከቦታው ተንሸራቶ ሊወጣም ይችላል። በእሳት የተቆረጠ ወይም በእሳት የተኛ ሞላ ከሆነማ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ወይም አንድ ቀን ይሰበራል። "በእሳት ሞቅ አድርጌ አስተኛልሃለሁ" ያላችሁን መካኒክ አመስግናችሁ ውጡ።

መፍትሄው ለሞዴላችሁ የተሠራ አጭር ሞላ ነው፤ አብሮት ከሚሄድ አጭር አሞርዛተርና አጭር ማቆሚያ ጎማ ጋር። ማቆሚያ ጎማውን አውጥቶ መጣል አይቻልም። እሱ ከሌለ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከፍታው በክር የሚስተካከለው ኮይሎቨር ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ከፍ፣ በጋ ሲሆን ዝቅ ማድረግ ያስችላል። ነገር ግን የኛ ቀይ ጭቃ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። በየጊዜው ታጥቦ ግራሶ ካልተቀባ ስትፈልጉት አይዞርም። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የማይስተካከለውን ሞላ እመርጣለሁ።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። የታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው የሚያገናኘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም የመጋጠሚያው ላስቲክ፣ ብሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠበቁት መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳይሆን በጎማዋ ቆማ ነው። ተንጠልጥላ ከጠበቁት ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ሳይቆይም ይቀደዳል። ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘለዋል።

"ብቻዬን ስነዳ ደህና ናት፤ ሰው ሲጫን ከኋላ ትነካለች"

ከኋላ ብዙ ዝቅ አድርጋችኋል። ባዶ ስትሆን ኋላዋ ከፊቷ 1 ሳንቲ ከፍ ቢል አይከፋም፤ ሰው ሲቀመጥ ይስተካከላል። ሰው ሞልታ ወደ ጅሬን ዳገቱን ስትወጣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ እንደሚሄድ አስቡ። ያኔ የሚነካው የማርሚታው ጫፍ ወይም የትርፍ ጎማው ሰፈር ነው። አንድ ጆንያ ቡና 60 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ማለት ነው። ጠንከር ያለ የኋላ ሞላ ይግባ። በጥቅሎቹ መሃል ጎማ መሰግሰግ ለአንድ ጉዞ ይሆናል፤ ለዘለቄታው ግን ሞላው የሚታጠፍበትን ቦታ ስለሚወስንበት እዚያው ይሰበራል።

ኋላ ስትወርድ የፊት መብራቷም ሽቅብ ያያል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ቢሰድባችሁ አትፍረዱበት፤ መብራቱን አስተካክሉ። የፍሬን መከፋፈያው በዘንግ ከኋላ አክሰል ጋር የተያያዘባት መኪና ከሆነች ደግሞ (ፒክአፕ ላይ ይበዛል) ዘንጉ እንደገና ይስተካከል። አለበለዚያ መኪናዋ ሁልጊዜ የተጫነች ስለሚመስለው የኋላ ፍሬን ቀድሞ ይይዛል።

"ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል"

አላይመንት (የጎማዎቹ አቀማመጥና አቅጣጫ) ነው። ሲወርድ የፊት ጎማዎቹ አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የመሪው ዘንግና ቴስቲናው (የዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ) ማዕዘንም ይለወጣል። አዲሱ ሞላ ጥቂት ቀን ተነድቶ ከረጋ በኋላ አላይመንት አሠሩ። የላላ ቴስቲና ካለ አስቀድሞ ይቀየር።

"በትንሽ ጎማ ዝቅ ባደርጋትስ?"

አታድርጉት። ጎማው ጎን ላይ በሚጻፈው ልክ ከ175/65 ወደ 185/55 ብትወርዱ፣ ሁለቱም ለ14 ቸርኬ፣ የጎማው ዲያሜትር በ24 ሚሊ ይቀንሳል። ሆዷ 12 ሚሊ ወደ መሬት ይቀርባል፤ የፓራፋንጎው ክፍተት ግን ይሰፋል። የጠላችሁት ጨመረ፣ የወደዳችሁት ቀነሰ። ቸርኬውም ከኮብል ስቶኑ ጋር ይተዋወቃል። ጎማው ስትጠመዝዙ ከውስጥ ፕላስቲኩ ጋር የሚፋቅ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰፊ ጎማ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ነው፤ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመለሱ።

"የዘይት መብራት በራ"

ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ እዚያው ሞተር አጥፉ። "ጋራዥ እስክደርስ" የሚባል ነገር የለም። ኮፓው ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ሳይፈስም አደጋ አለ፦ ዘይት የሚመጥጠው ቱቦ አፉ ለኮፓው ወለል በጣም ቅርብ ነው። ኮፓው ወደ ውስጥ ከተጎደጎደ አፉን ይደፍነዋል፤ ከሥር አንድ ጠብታ ሳይታይ ሞተሩ ዘይት ይጠማል። የተጎደጎደ ኮፓ አይናቅ፤ ይውረድና ይቅና።

ለመከላከል ከሥር ላሜራ ይሠራል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ውፍረት በቂ ነው። ራዲያተሩ ማቀፊያ ላይ ሳይሆን ሻንሲውና የሞተሩ መቀመጫ ብረት ላይ ይታሰር። ዘይት ማፍሰሻው ጋ ቀዳዳ ይተው፣ አየርና ውሃ መውጫም ይኑረው። ላሜራው ራሱ ከፍታ እንደሚበላ አትርሱ፤ ከኮፓው ጋር አጣብቆ ማሰርም ምቱን ለኮፓው ማቀበል ነው። ከክረምት ጉዞ በኋላ በላሜራውና በሞተሩ መሃል የገባውን ጭቃ በውሃ አስወጡ። የተላጠ ብረት ካያችሁ አጽድታችሁ ዝገት መከላከያ ቀቡት፤ በጅማ ዝናብ ዝገት ቀጠሮ አይጠብቅም። የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች በዚያው ሥር እንደሚያልፉም ልብ በሉ።

"ጎማ ተነፈሰ፤ ክሪኩ ግን ከሥር አይገባም"

ሰው ይህን የሚያስታውሰው ሲመሽ ነው። የፋብሪካው ክሪክ የተሠራው ለፋብሪካው ከፍታ ነው። ጎማው ተንፍሶ መኪናዋም ዝቅ ብላ ከሆነ አይገባም። ከኋላ 3 ሳንቲ የሚወፍር፣ ከጎማው ስፋት የማያንስ ጣውላ ያዙ። የተነፈሰውን ጎማ ቀስ ብላችሁ ጣውላው ላይ አውጡት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሌሎቹን ጎማዎች ድንጋይ አስደግፉ፤ ክሪኩ ያኔ ይገባል። ደጃችሁ ላይ አንዴ ሞክሩትና ጣውላውን መኪናው ውስጥ ተዉት።