ካምቢዮው ለምን ይግል እንደነበር ደረስኩበት
ከለገሃር የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ፖስታ ቤቱን አልፌ ማዘጋጃ ቤት ሳልደርስ በአራቱም ጎማ የምትጎትተው አሮጌ አውቶማቲክ መኪናዬ ትለግማለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትሄድም። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው፣ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ። ሁለት ጊዜ ዘይት ቀየርኩ፤ ገንዘቤን ጨረስኩ እንጂ ምንም አልተሻላትም።

ለካስ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ታች ባለ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ የእኔው በዝቃጭ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ራዲያተሩን ለወጥኩ፤ ከፊቱም ነፋስ የሚያገኘው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጠምኩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ትልቁን መረጥኩ። ዳገት ላይ ማርሹን 2 ላይ እይዛለሁ።

ትናንት በመኪና ጭንቅንቅ መሃል ያንኑ ዳገት ወጣሁት። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቆሜ መለኪያውን መዘዝኩ፤ ቀይ ነው።